ውዳሴ ቁጥር ለማያነበው ገዢ

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና የገዛ ሰው ሊብሬው በስሙ ከዞረለት በኋላ ብዙ ሳይቆይ የሚሄደው ወደ ቁጥር ቀራጩ ነው። ቀራጩ ከመንገድ ዳር ቆሞ፣ በእጅ የምትያዝ መፋቂያውን እያንዛረረ፣ የታርጋውን ቁጥር በሁለቱ ስፖኪዮዎች፣ በፊትና በኋላ መብራቶች፣ በፍሬቻውና በየበሩ መስታወት ላይ ይጽፍለታል። ጠንቃቃ የሆነው ባለንብረት በዚህ ሳይረካ ስፖኪዮውን በብሎን ያስጠርቃል፣ መብራቱን በብረት ፍርግርግ ያሳጥራል። ይህን ሁሉ ወጪ የሚያወጣው ዕቃው አንድ ቀን ቢሰረቅ ቁጥሩን ያየ ሰው «ይህ የሌላ ሰው ንብረት ነው» ብሎ እጁን ይሰበስባል በሚል እምነት ነው። ዛሬ ላመሰግነው የተነሣሁት ይህን እምነት ብቻውን የረታውን፣ ማንበብ እየቻለ የማያነበውን የተከበረ ገዢ ነው።

ስለ ሌባው የሚገባውን ያህል ተወርቷል፤ ሲያዝም ዱላው የሚተርፈው ለእርሱ ነው። ነገር ግን ሌባው የነቀለውን ስፖኪዮ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ አይሰቅለውም። ሌሊት የተነቀለውን ረፋድ ላይ የሚቀበለው፣ የሌባውን ልፋት ሜዳ ላይ የማያስቀረው፣ ደመወዝ የሚበላና ግብር የሚከፍል ጨዋ ሰው ነው፤ ይህ ሰው እስካሁን አንድም የምስጋና ወረቀት አለማግኘቱ ያሳዝናል።

እስቲ ሲገበያይ እንየው። ሶማሌ ተራ አዲሱንም ያገለገለውንም መለዋወጫ ደረሰኝ ቆርጠው የሚሸጡ ነጋዴዎች ሞልተውበታል፤ እርሱ ግን ዋጋቸውን ጠይቆ፣ «ኧረ ይሄ ዘረፋ ነው!» ብሎ (ቃሉን ልብ ይሏል) ሱቃቸውን ጥሎ ይወጣል። ጥግ ላይ የቆመ ልጅ ከጃኬቱ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ የቪትዝ ስፖኪዮ ያወጣለታል። ገዢያችን ያገላብጠዋል፤ ተሰንጥቆ እንደሆነ ወደ ፀሐይ አዙሮ ያየዋል፤ ማጠፊያውን ይሞክራል። በመስታወቱ ታችኛው ጠርዝ ላይ የአንድ የማያውቀው ሰው ታርጋ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል።

«ቁጥር አለበት እኮ!»

«ጋሼ፣ እሱ ምን ችግር አለው? ይፋቃል። ካልሆነም ስቲከር ይለጥፉበት።»

«እንግዲያው ቀንስ፤ ቁጥር ላለበት እንደዚህ አይባልም።»

ልጁም ይቀንሳል። ባለንብረቱ ዕቃው እንዲጠበቅለት ከፍሎ ያስቀረጸው ምልክት ለገዢው የዋጋ ቅናሽ ሆነለት ማለት ነው። እንዲህ ያለ የንግድ ብልሃት በየትኛው ኮሌጅ እንደሚሰጥ አላውቅም።

ክፉ አሳቢዎች የ1996ቱን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 682ን እየጠቀሱ፣ የወንጀል ፍሬ መሆኑን እያወቀ ብቻ ሳይሆን ማወቅ እየተገባውም ዕቃ የሚገዛ ሰው ይቀጣል ይላሉ። ገዢያችን ግን ምን በወጣው ይወቅ? ቁጥሩ ደቂቅ ነው፤ መነጽሩን ቤት ረስቷል፤ ደግሞም ስለ ሰው ጉዳይ መጠየቅ ነውር ነው ተብሎ ነው ያደገው። የመኪና አምራቾችም ቢሆኑ ለእርሱ ያልተጨነቁት ጭንቀት የለም። በሻንሲው ላይ በሚመቱት 17 ፊደልና አኃዝ ያለው መለያ ውስጥ «አይ»፣ «ኦ» እና «ኪው» የተባሉትን የላቲን ፊደላት ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ብለው ጨርሶ አስወጥተዋል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ግን ማንበብ ለሚፈልግ ሰው ነው፤ ማንበብ ለማይፈልገው የትኛው ፊደል ይቀነስለት?

ለአገር ያበረከተውም ቀላል አይደለም። አገር የውጭ ምንዛሪ ባጠራት ዘመን፣ አንዲት ዶላር ሳትወጣ፣ መርከብና ጉምሩክ ሳያስፈልግ፣ ያው አንዱ ስፖኪዮ ከቦሌ ወደ መርካቶ፣ ከመርካቶ ወደ ሳሪስ፣ ከሳሪስ ተመልሶ ወደ መርካቶ እየዞረ የከተማውን ፍላጎት ሲያሟላ ይኖራል። ዛሬ የገዛው ሰው የዛሬ ወር ይሰረቅበታል፤ ተሰርቆበታልና ተናዶ ይሄዳል፤ ተናዷልና ዋጋ ለመከራከር አቅሙ ይጨምራል። «የእኔንም እኮ ወስደውብኛል» የሚለው አባባል ከዚያ ወዲያ ለሚገዛው ሁሉ እንደ ደረሰኝ ያገለግለዋል።

ገዢያችን ጥንቁቅም ስለሆነ በማግስቱ ወደ ቁጥር ቀራጩ ይሄዳል። ቀራጩ አሮጌውን ቁጥር በአንድ ረዥም ሰረዝ ይሰርዝና አዲሱን ከሥሩ ይጽፍለታል፤ ምንም አይጠይቅም፤ ሥራው መጻፍ እንጂ ማንበብ አይደለም። ከዚያ በኋላ ባለመኪናው ከኋላው የሚመጣውን ሁሉ በሌላ ሰው ታርጋ በኩል እያየ በሰላም ይነዳል።

ወሩ ሳይሞላ ስፖኪዮው ከነማጠፊያው ይነቀላል። ገዢያችን በቁጣ እየነደደ፣ መንግሥት የለም ወይ እያለ ፖሊስ ጣቢያ ይገባል። ተረኛው ፖሊስ መዝገቡን ይገልጥና ዕቃው መለያ ቁጥር ተቀርጾበት እንደሆነ ይጠይቀዋል።

«እንዴታ! ተቀርጾበታል እንጂ!»

«ስንት ቁጥር ብዬ ልመዝግብ?»

«የላይኛውን ነው የታችኛውን?»