ለክቡር ባለ እግሩ የውሻ ሳህን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ቁጥር፦ ው/ሳ/001
ለክቡር ባለ እግሩ የውሻ ሳህን
ማድ ቤት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ጉዳዩ፦ ከፍ ማለትዎን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣

በቅድሚያ ጤናዎ እንዴት ነው? የእኔ ቅልጥም ደህና አይደለም። ባለፈው ሳምንት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ውኃ ልጠጣ ስነሣ፣ እንደ ልማድዎ በጨለማ መንገድ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። እኔ ወደ ፍሪጁ፣ የውሻዬ የቡቺ ውኃ ወደ እኔ። የብረት ሳህን ሴራሚክ ላይ ሲወድቅ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰማ ከታች ያለው ጎረቤቴ ያስረዳዎታል። አሮጌው ሳህን እኮ ቢረግጡት እየተንሸራተተ ዘወር ይል ነበር። እርስዎ ግን አራት እግር ተክለው ማን ነክቶኝ ይላሉ።

እንዴት ቤታችን እንደገቡ ላስታውስዎት። ልጄ በስልኳ አሳየችኝ፦ ከቀርከሃ የተሠሩ፣ ሁለት ክብ ቀዳዳ ያለዎት፣ አንገት የሚያሳርፉ፣ ምግብ የሚያስፈጩ፣ የሆድ መነፋትን የሚከላከሉ፣ ለሁሉም ውሻ የሚሆኑ። ሲሉ ሰምታ አሉ፤ ከፈልኩ። ዋጋዎን እዚህ አልጠቅስም፣ እናቴ ታነበዋለች።

እናቴ ልትጠይቀን ከአዲስ አበባ የመጣች ዕለት ቡቺ እርስዎ ፊት ቆሞ ሲመገብ አየች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትንሽ ዝም አለችና፣ «ልጄ፣ ለውሻ መሶብ ገዛህለት?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። እኛ ሶፋ ላይ፣ ሳህናችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን ነው የምንበላው። እዚህ ቤት ባለ መሶብ ቡቺ ብቻ ነው። ኮተቤ የነበረን ውሻ እጀታው ከወለቀ ድስት ፍርፋሪና አጥንቱን ሲበላ ኖሮ አንገቱን አመመው ያለ ሰው ትዝ አይለኝም። (እርግጥ የጠየቀውም አልነበረም።)

እስከዚህ ድረስ ቅያሜዬ የቅልጥም ነበር። ቡቺን ለክትባት ስወስደው ግን የእንስሳት ሐኪሟ ስለ አበላሉ ጠየቀችኝ፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ ስለ እርስዎ ነገርኳት። «ሮትዋይለር ነው እኮ» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንዲያና ውስጥ ያለው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1,600 በላይ ትልልቅና ግዙፍ ውሾችን ተከታትለው በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት አለ፤ ከ11ዱ ዝርያዎች አንዱ ሮትዋይለር ነው። ከፍ ካለ ሳህን የሚበሉት ሆዳቸው ተነፍቶ የመጠምዘዝ አደጋቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ጨጓራው በአየር ይወጠርና እንደታሰረ ከረጢት ዞሮ ይቆለፋል፤ የደም ዝውውሩ ይታወካል፤ ቶሎ ሐኪም ካልደረሰለት ውሻው በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ጥናቱ በግዙፎቹ ላይ ከደረሰው 52 በመቶ ያህሉን፣ በትልልቆቹ ላይ ከደረሰው ደግሞ 20 በመቶ ያህሉን ያላከከው በማን ይመስልዎታል? በሳህኑ ከፍታ። ዕድሜ፣ የቅርብ ዘመድ ታሪክና ፈጥኖ መብላትም ተከሰዋል፤ ብቻዎን አይደሉም፣ አይዘኑ። ሁሉም ተመራማሪ በዚህ ውጤት እንዳልተስማማም ሐኪሟ አልደበቀችኝም። ግን ይከላከላሉ ተብለው የተሸጡልኝ በሽታ ውስጥ ስምዎ በተጠርጣሪነት መገኘቱ፣ ዘበኛው ከሌባው ጋር ቡና ሲጠጣ እንደማየት ነው።

ግፍ እንዳይሆንብኝ፣ የሚገባዎትንም ልናገር። መገጣጠሚያው የሚያመው ሽማግሌ ውሻ፣ አንገቱን ዝቅ ማድረግ የሚያሠቃየው፣ በእርስዎ ያርፋል። የምግብ ቧንቧው የሰፋና የላላ ውሻም አለ፤ እሱማ እንደ ሕፃን ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ነው የሚጎርሰው፣ የበላው በራሱ ክብደት ወደ ሆዱ እንዲወርድ። እነዚህ ዘንድ ቢቆሙ ተነሥቼ እጅ እነሣ ነበር። ቡቺ ግን ገና 3 ዓመቱ ነው፤ አጥር ይዘላል።

ከዚያም ይህ «ለሁሉም ውሻ የሚሆን» የሚባለው ማዕረግዎ! ባለ እግር ሳህን የሚያስፈልገው ውሻ ቢኖር እንኳ መጀመሪያ የሚለካው ውሻው ነው፤ የሳህኑ አፍ ከደረቱ ግርጌ አካባቢ ሊውል ይገባል። እርስዎ ለትንሿ ቺዋዋ ሰገነት፣ ለግዙፉ ግሬት ዴን ጉድጓድ ነዎት።

ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ ከውሻ ምግብ አገልግሎት ተነሥተዋል። ሁለቱ የብረት ሳህኖችዎ በፀባያቸው ጥሩ ስለሆኑ፣ መታጠብም ስለማያስቸግሩ፣ መሬት ወርደው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። እርስዎን ግን እናቴ ጠይቃኛለች። ጀበናዋን በልብስ ጠቅልላ በሻንጣ ስታመጣ ማቶቱን ረስታ ኖሮ፣ ድቡልቡሉ ጀበና የትም አልቆም ብሎ ሳምንት አስቸግሯታል። ትናንት ባዶ ቀዳዳዎን አየችና ዙሪያውን በጨርቅ ሞልታ አስቀመጠችበት። ቀጥ አለ። ቁመትዎም ለበርጩማዋ ልክ ነው።

ይህን ስጽፍ ሁለተኛው ቡና እየተቀዳ ነው። ቡቺ በሌላኛው ቀዳዳ ከሥር አፍንጫውን ብቅ አድርጎ ቆሎ ይጠብቃል።

ከሰላምታ ጋር
(የማይነበብ ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለቡቺ፣ እንዲያውቀው
ከታች ላለው ጎረቤቴ፣ ከይቅርታ ጋር