እርማት፦ ሴሊን ዲዮን ዩሮቪዥንን ያሸነፈችው ለካናዳ አይደለም

«ሴሊን ዲዮን ካናዳን ወክላ ዩሮቪዥንን አሸንፋለች» የሚለው ወሬ ደጋግሞ ይመጣል። ሴሊን ዲዮን ካናዳዊት ዘፋኝ ናት፤ ዩሮቪዥን ደግሞ በዋናነት የአውሮፓ አገራት በየዓመቱ የሚሳተፉበት የዘፈን ውድድር ነው። ወሬው ግማሹ እውነት ነው። አሸንፋለች፤ ግን ለስዊዘርላንድ። እ.ኤ.አ. በ1988 ደብሊን ላይ፣ በፈረንሳይኛ ዘፈን። ያውም ለጥቂት፦ 137 ለ136። በአንዲት ነጥብ የተበለጠችው ብሪታንያ ናት። ካናዳማ ጭራሽ አልተወዳደረችም።

ስህተቱ የሚመጣው ውድድሩን እንደ ኦሊምፒክ ከማየት ይመስለኛል። ዩሮቪዥን የሚያወዳድረው ዘፈን ነው። ዘፈኑን የሚልከው የየአገሩ ብሮድካስት ጣቢያ ሲሆን ዘፋኙን ከፈለገበት ማምጣት ይችላል። የውድድሩ ደንብ የዘፋኙን ዜግነት አይጠይቅም። አንዳንድ አገር ለራሱ የውስጥ ምርጫ መስፈርት ሊያወጣ ይችላል፤ እሱ የራሱ ጉዳይ ነው።

ሉክሰምበርግን ብቻ ማየት ይበቃል። 5 ጊዜ አሸንፋለች፤ በ1961፣ በ1965፣ በ1972፣ በ1973 እና በ1983። ካሸነፉላት አምስት ዘፋኞች አራቱ ፈረንሳውያን፣ አንዷ ግሪካዊት ናቸው። የአገሩ ልጅ አንድም የለም! በ1997 ለብሪታንያ ያሸነፈው ባንድ መሪ ድምፃዊትም ብትሆን አሜሪካዊት ናት።

ስለዚህ «ካናዳ አውሮፓ ውስጥ ሳትሆን እንዴት ተወዳደረች?» ብላችሁ የምትከራከሩ ካላችሁ፣ ጥያቄው ከመነሻው ልክ አይደለም።