ሞተር እንዳታጠፋ፣ እድገት ይቆማል!

ሰው እድገት ሲባል ፋብሪካ ምናምን ነው የሚታየው፣ የኮምቦልቻን ኢንዱስትሪ ፓርክ ይጠራልሃል። እኔ ግን እድገትን በአይኑ ማየት የፈለገ በጠዋት ደሴ መናኸሪያ ይምጣ ባይ ነኝ። አቤት ሞተር! የኮምቦልቻው ተነስቷል፣ የሐይቁ ተነስቷል፣ የወልድያው ተነስቷል፣ ማንም ግን የትም አልሄደም።

ኢኮኖሚስቶቹ የሀይል ፍጆታና እድገት አብረው ነው የሚያድጉት ይሉ የለ? የኛ ሾፌሮች ይሄ ከማንም ቀድሞ ገብቷቸዋል፣ የተዋት አንዲት ትንሽ ነገር ብትኖር ሀይሉ የሆነ ስራ መስራት አለበት የምትለዋን ነው፣ እሷን ደግሞ ማን ይፈልጋታል።

ጥበቡን እዩልኝ። ሾፌሩ ነዳጅ ይረግጣል፣ ዶልፊኗ ግማሽ ሜትር ወደፊት ትላለች፣ ረዳቱ በሩን እየደበደበ "አንድ ሰው የቀረው! ሊወጣ ነው!" ይላል፣ ውስጥ ያለው ሶስት ተሳፋሪና ወንበር የሚያሞቁ የሰፈር ልጆች ናቸው፣ ከዛ ግማሽ ሜትር ወደኋላ፣ ደግሞ ወደፊት፣ እንዲህ እያለ ሰዓቱ ይሄዳል መኪናው ይቀራል። ቆሞ የሚሰራ ሚኒባስ በሰዓት ወደ አንድ ሊትር ገደማ ነዳጅ ይጠጣል፣ ከአንድ ሊትር ናፍጣ ደግሞ 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦንዳይኦክሳይድ ይወጣል (አዎ፣ ከናፍጣው ራሱ ይከብዳል፣ ኦክስጅኑን ከአየር ላይ ስለሚወስድ ነው)። አስገብተህ ከሶስት እጥፍ በላይ የምታወጣበት ሌላ ምን ፋብሪካ አለን? ያውም ናፍጣው በዶላር ተገዝቶ ከጅቡቲ በቦቴ የመጣ፣ ሾፌሩ ማደያ በር ላይ ተሰልፎ አድሮ ያገኘው፣ ካልሆነም በጀሪካን ከጥቁር ገበያ የገዛው። ይሄን ሁሉ ለፍቶ ያገኘውን ቆሞ የሚያቃጥል ሰው ቸር ካልተባለ ማን ይባላል።

ደግሞ ጂዲፒ የሚባለው (ሀገር በአመት የምታመርተው እቃና አገልግሎት በገንዘብ ተደምሮ) ነገር አሪፍ ነው፣ አይመርጥም። ማደያው ያተረፈውም ይቆጠራል፣ የሳል ሽሮፑም ይቆጠራል፣ የክሊኒኩ ካርድና ራጁም ይቆጠራል። ስለዚህ ጎረቤትህ ሌሊቱን ሙሉ ሲስል ብትሰማ አትበሳጭ፣ ሀገር እየገነባ ነው።

ከጭስ ማውጫው ስር ቆሎ የሚሸጡ እናት አሉ፣ በሻሻቸው አፋቸውን ሸፍነው። "እማ፣ ከዚህ ቢነሱ አይሻልም?" ስላቸው "የኔ ጌታ፣ ተሳፋሪው በዚህ ነው እኮ የሚገባው" አሉኝ። ሲናፈጡ መሀረቡ ጥቁር ነው። የአለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል የናፍጣ ጭስ ካንሰር አምጪ ነው ብሎ የመደበው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው፣ እሳቸው ግን ይሄን ሁሉ አገልግሎት ያለ ቲኬት ነው የሚያገኙት። ጭስ መውጫ አያጣም ይባላል፣ የኛ መግቢያም አያጣም።

ስለ ካርቦን ልቀት ያነሳህ እንደሆነ መልሱ ዝግጁ ነው፣ "አሜሪካዊ በአመት በነፍስ ወከፍ 14 ቶን ገደማ ሲለቅ እኛ 0.2 እንኳን አንሞላ፣ ምን አገባህ!" ልክ ነው ወሏሂ። ካርቦኑን ለአለም እናካፍላለን፣ ጥላሸቱን ግን ለማንም አንሰጥም፣ ደሴ ውስጥ ነው የሚቀረው።

የሐረጎን አቀበት ሳላመሰግን ባልፍማ ግፍ ነው። ከኮምቦልቻ ተነስቶ አቀበቱን የሚወጣ ያረጀ ቅጥቅጥ፣ ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ እየሳሳ ናፍጣው በደንብ ሳይነድ ይወጣል፣ ከኋላው ያለው ባጃጅ ጠፍቶ በጥሩምባው ብቻ ነው የሚታወቀው። አንዳንዱ "ጉልበት አለው" ይላል ጭሱን እያየ። ያ ጥቁሩ እኮ ጉልበት ሳይሆን የቀረው ነው።

እንግሊዞችን ሳስብ ግን ያሳዝኑኛል። በ1952 እ.ኤ.አ. የለንደን የከሰል ጭስ በጥቂት ቀን በሺዎች ጨርሶባቸው ደነገጡ፣ በ1956 ህግ አወጡ፣ ይባስ ብለው ከ1990 ወዲህ ኢኮኖሚያቸውን 80 በመቶ ገደማ አሳድገው ልቀታቸውን በግማሽ ቀነሱት። ጭስ የሌለበት እድገት በምን ይታያል?

ሾፌሩን ብቻ ማሞገስ ግን አድልዎ ይሆናል፣ ዋናዎቹ ጀግኖች እኛ ተሳፋሪዎቹ ነን። ሞተሩ የጠፋ መኪና ውስጥ የሚገባ ወሎዬ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንገታችንን አስግገን "ተነስቷል?" እንላለን፣ ዝም ካለ ወደሚያጓራው። አንድ ሾፌር ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ አጥፍቶ ቢቀመጥ ባዶውን ነው የሚውለው።

አሁን ስጋት መጥቷል። መንግስት በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከለከለ፣ መብራታችን ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ነው፣ 5,150 ሜጋዋቱ የህዳሴ ግድብም በጳጉሜ 2017 ተመርቋል። የኤሌክትሪክ ሚኒባስ መናኸሪያችን ቢገባ ምን ይውጠናል? ቆሞ አይጮህ፣ አያጨስ፣ ሊወጣ መሆኑን ማን ያውቃል? የኔ ሀሳብ ስፒከር ተገጥሞለት የቅጥቅጥ ድምፅ ይከፈትለት ነው፣ ጭሱን ደግሞ ረዳቱ ከኋላ ከሰል ያያይዛል፣ ቆሎ ሻጯም ቦታቸውን አይለቁም።