ፕላኑን ማን ሳለው?

ፎልስ ቸርች፣ ቨርጂኒያ፤ እንጀራ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሳይቀር የሚሸጥበት የእኛ ሰው ሰፈር። ኢንተርስቴት 66ን በየቀኑ የምትነዱ ወገኖች፣ ያ መንገድ ሊዘረጋ ሲል አንዲት ትንሽ ቤት ተፈታታ ከፊቱ እንደተነሳች ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ቤቷ ዛሬ አሌክሳንድሪያ፣ ዉድላውን ግቢ ውስጥ ቆማለች። ፖፕ-ሌይ ቤት ይሏታል፤ የመጀመሪያውና የሁለተኛው ባለቤት ስም አንድ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ባለቤት ሎረን ፖፕ ሀብታም አልነበረም። በዋሽንግተኑ ኢቪኒንግ ስታር ጋዜጣ በሳምንት 50 ዶላር የሚከፈለው ጋዜጠኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 ለፍራንክ ሎይድ ራይት፣ ያኔም ስሙ ለገነነው አርክቴክት፣ ደብዳቤ ጽፎ ቤት ንደፍልኝ አለው። ራይትም እሺ አለ፤ የምታውቀው ሰው አለ ወይ፣ ማን ላከህ የሚል ጣጣ አልነበረም። የመጀመሪያው ንድፍ 1,800 ስኩዌር ፊት ሆኖ ኪስ ስላልቻለው ወደ 1,200 ወረደ፤ በእኛ 111 ካሬ ሜትር ግድም ነው። ባንኮች እንዲህ ላለ እንግዳ ቤት አናበድርም ሲሉ ጋዜጣው ራሱ አበደረውና ከደመወዙ እየቆረጠ ወሰደ። ሥራው ሲያልቅ 7,000 ዶላር ገደማ ፈጅቷል፤ የ140 ሳምንት ደመወዝ። በ1941 ገቡበት፣ በ1946 ለሌይ ቤተሰብ በ17,000 ሸጡት።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። የ50 ዶላር ደመወዝተኛ መጀመሪያ የፈለገው ንድፍ ነው። ገንዘብ ሲያጥረው ካሬውን ቀነሰ እንጂ አርክቴክቱን አላባረረም። ቤቱ ምድር ቤት የለው፣ ቆጥ የለው፤ ጡብ፣ የሳይፕረስ ጣውላ፣ መስታወትና ኮንክሪት ነው። ማሞቂያው ወለሉ ውስጥ የተቀበረ የሙቅ ውኃ ቧንቧ ነው። ጋራዥ እንኳ ቀርቶ ለመኪናው ጣሪያ ብቻ ተዘርግቶለታል። (ጠፍጣፋ ጣሪያውን ግን ለአዲስ አበባ ሐምሌ አልመክርም።)

አሁን ወደ አዲስ አበባ ዳርቻ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ወደ ለቡ፣ ወደ ኮዬ እንሻገር። ባለሁለት ፎቅ ቪላ፣ ደረጃው ግራናይት፣ በሩ የተቀረጸ፣ አጥሩ ላይ መብራት። «ፕላኑን ማን ሳለው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ከጓደኛዬ ወንድም ያገኘነው ነው»፣ «አያት ሰፈር ቤት የሠራ ሰው ሰጥቶን ገለበጥነው»። መገልበጡ ቃል በቃል ነው፤ ግራው ቀኝ ሆኖ፣ የጠዋት ፀሐይ ታገኝ የነበረችው መኝታ ቤት የጎረቤት ግንብ ላይ አፍጥጣ ትቀራለች። ማኅተም የሚያሳርፍ ይፈለጋል፣ ፈቃድ ይወጣል፣ ወረቀቱ ይታጠፋል። እኛ ውጭ ያለነውም ከዚህ አንሻልም፤ እንዲያውም እንብሳለን። ከሜሪላንድ የቤት ሻጭ ካታሎግ ላይ ፎቶ አንስተን በቴሌግራም እንልካለን። ሳሎኑ ውስጥ ምድጃ፣ ከሳሎን ጋር የተከፈተ ኩሽና! ምጣዱ የት እንደሚቀመጥ የጠየቀ የለም፤ ኋላ ሰርቪስ ቤት ይገባል፣ ጭሱም እዚያው።

ይህስ ይሁን። የሚያናድደው አፈሩ ነው። ከላይ የጠራኋቸው ሰፈሮች ብዙው መሬታቸው ጥቁር አፈር ነው፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ቤቱ ከቆመ በኋላ መሃሉ ስለተሸፈነ እርጥበቱ ብዙም አይለዋወጥም፤ የቤቱ ጠርዝ ግን በየወቅቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ስንጥቁ ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ሰያፍ ይነሳና የብሎኬቱን መጋጠሚያ ተከትሎ እንደ ደረጃ ይወርዳል። በሩ ሐምሌ ላይ አልዘጋ ካለ አናጺውን አትውቀሱ። መጀመሪያ የሚሰነጠቁት ደግሞ አጥሩና ሰርቪስ ቤቱ ናቸው፤ ቀላል ናቸውና አፈሩ ሲያብጥ ክብደታቸው አይመልሰውም።

ግንበኛው ምን ያደርጋል? አንድ ሜትር ይቆፍራል፣ ድንጋይ ይሞላል፣ 25 ሳንቲም የድንጋይ ንጣፍ ላይ 10 ሳንቲም ኮንክሪት ያፈስሳል፣ ሴራሚክ ይለጥፋል። የተቆፈረው ጭቃ ውስጥ የተሞላው ልቅ ድንጋይ ግን ገንዳ ነው፤ የክረምቱ ውኃ ገብቶ መውጫ ያጣና ሥሩ ያለውን አፈር ዓመቱን ሙሉ ያጠጣል። ወለሉ መሃል ላይ አብጦ ሴራሚኩ ሲፈናጠር «የሲሚንቶ ጥራት» ይባላል።

የሚበጀው የታወቀ ነው። ከመሠረት በፊት ሁለት ሦስት የሙከራ ጉድጓድ አስቆፍሮ የጥቁሩን አፈር ውፍረት ማወቅ። ሁለት ሜትር ገደማ ከሆነ ሙሉ በሙሉ አውጥቶ የማያብጥ ሰሌክት (የተመረጠ የሙሌት አፈር) በ20 ሳንቲም ንብርብር ውኃ እያጠጡ መጠቅጠቅ። ከዚያ ከጠለቀ ፉቲንጉን (የዓምዱን እግር) እስከ ጠንካራው መሬት ማውረድ፣ ከግሬድ ቢሙ (ግድግዳውን ከሚሸከመው የኮንክሪት አግዳሚ) ሥር አፈሩ የሚያብጥበት ክፍተት መተው፣ ወለሉንም መሬት ላይ ከማሳረፍ በቢሙ ላይ እንደ ፎቅ ወለል (ሶሌታ) ማንጠልጠል። ዙሪያውን ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው፣ በሜትር አምስት ሳንቲም ወደ ውጭ የሚያዘቀዝቅ ኮንክሪት ማድረግ። የአሸንዳው ውኃ ግድግዳው ሥር ሳይሆን ቦይ ውስጥ ይውረድ፤ ሴፕቲክ ታንኩ ይራቅ፤ ባሕር ዛፍም ከቁመቱ ባነሰ ርቀት አይተከል። የአፈር ምርመራው ዋጋ ከግራናይቱ ደረጃ ያንሳል፤ ግን ግራናይቱ ፎቶ ላይ ይታያል።

አሜሪካም ቢሆን ከዚህ አላመለጠችም። ሮበርት ሌይ በ1963 ሲሞት አውራ ጎዳናው ደጃፍ ደርሶ ነበር። ባለቤቱ ማርጆሪ ሌይ ቤቱን ከ31,500 ዶላር የይዞታ ካሳው ጋር ለአገሪቱ የቅርስ ጥበቃ ማኅበር ሰጠች፤ በ1964 ተፈታቶ ወደ ዉድላውን ተጓዘ፣ እሷም በ1983 እስክትሞት ኖረችበት። (እኛ ዘንድ መንገድ ሲመጣ በርና ቆርቆሮው ይነቀላል፣ የቀረው የዶዘር ነው።) ችግሩ አዲሱ ቦታ የሚንቀሳቀስ ሸክላ አፈር ሆኖ መገኘቱ ነው። መሠረቱ ተሰነጠቀ። በ1995 እና 96 ቤቱን እንደገና አንስተው ዘጠኝ ሜትር ያህል ፈቀቅ አደረጉት። ይህን ለማድረግ ግን ሥዕሉ ነበራቸው፤ የቱ ጣውላ የት እንደሚገባ፣ ቤቱ በምን ልክ እንደተከፋፈለ የሚናገር።

የቱሉ ዲምቱው ቪላ ሲሰነጠቅ ሥዕሉን የሚያወጣ የለም። ፌሮው ስንት ቁጥር እንደሆነ፣ ፉቲንጉ ስንት ሜትር እንደወረደ የሚያውቀው ፎርማን ስልኩን ቀይሯል። ስለዚህ ለፋሲካ ጂፕሰም ይደፈናል፣ ቀለም ይቀባል፣ ከውጭም ለዚሁ ገንዘብ ይላካል፤ ሐምሌ ላይ ስንጥቁ ቦታ ቀይሮ ይመጣል። ላኪዎች ሆይ፣ ቀጣዩን ዶላር ከመላካችሁ በፊት ስንጥቁን የሚያቋርጥ መስመር በእርሳስ አስምሩ፣ ቀንም ጻፉበት። አንድ ክረምትና አንድ በጋ ይለካ። እስከዚያ ልስን የሚባል ነገር አትክፈሉ።