ተንታኝ ሆይ፣ ሺህ ዓመት ንገሥ!

ሐኪም ሲሳሳት ይከሰሳል። መሐንዲስ ሲሳሳት ሕንፃው ራሱ ይመሰክርበታል። ተንታኝ ሲሳሳት ግን በማግስቱ እንዲያብራራ ይጋበዛል። የሚያብራራውም ለምን እንደተሳሳተ አይደለም። ነገሩ ከመጀመሪያውም ግልጽ እንደነበረ ነው። ከዚህ በላይ መታደል ከየት ይመጣል?

የምርጫ ሌሊት ቴሌቪዥን መክፈት ብቻ ይበቃል። ሰውየው ከግድግዳ የሚተልቅ ካርታ ፊት ቆሟል። እጅጌው ተሰብስቧል፣ ክራቫቱ ላላ ብሏል። አንዱን ግዛት በጣቱ ነካ ሲያደርገው ቀይ ይሆናል፣ ሌላውን ነካ ሲያደርገው ሰማያዊ። ገና በምሽቱ “በቃ፣ ጨዋታው አልቋል” ይላል። እኩለ ሌሊት ላይ ቁጥሩ ይገለበጣል። መደናገጥ የለም፣ ላብ የለም። ያንኑ ጣቱን በዚያው ካርታ ላይ እያንሸራተተ “ቀደም ሲል እንዳልኩት” ብሎ ይቀጥላል። ዓይንን በጨው መታጠብም እንደዚህ በሥርዓት ሲሠራ ጥበብ ነው።

የሙያውን አባቶች መርሳት ነውር ነው። በ1936 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ቀጣዩን ፕሬዚዳንት አስቀድሞ ሊነግረን ተነሳ። ከዚያ በፊት የነበሩትን ምርጫዎች በትክክል ገምቶ ስለነበር ልቡ ሞልቷል። 10 ሚሊዮን ገደማ መጠይቅ በፖስታ በተነ። ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበ። ቆጠረ፣ ደመረ፣ አወጀ፤ አልፍሬድ ላንደን 57 በመቶ ድምፅ ይዞ በሥልጣን ላይ ያለውን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን ያሸንፋል። ቀኑ ሲደርስ ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ጠራርጎ ወሰደ። ለላንደን ሜይንና ቨርሞንት ተረፉለት።

አድራሻዎቹ በብዛት የተለቀሙት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር። በዚያ የችጋር ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ማን እንደሆነ መቼም አይጠፋችሁም። በዚያ ላይ መጠይቁን ሞልቶ ለመመለስ የበለጠ የተጋው ሩዝቬልትን ያልወደደው ሰው ነበር። እኔ ግን መጽሔቱን አልወቅስም። ባለመኪናውን ጠይቆ ስለ እግረኛው ማውራት እስከ ዛሬ ገበያው ያልቀዘቀዘ ሙያ ነው። እንዲያውም ተሻሽሏል። የዛሬው ተንታኝ ሚሊዮን ሰው አያስቸግርም። ስልኩን ይከፍታል፣ ወዳጆቹ የጻፉትን ያነባል፣ “ሕዝቡ እንዲህ እያለ ነው” ይለናል። የፖስታ ወጪ የለ፣ የቆጠራ ጣጣ የለ።

መጽሔቱ በ1938 ተዘጋ። የዋህ ነበር። የዘንድሮ ሰው ቢሆን ኖሮ “ላንደን ለምን ተሸነፈ? ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም” ብሎ ልዩ እትም ያወጣ ነበር።

በ1948 ምርጫ ደግሞ ትምህርቱ ተወሰደና ስሕተቱ በአዲስ መልክ ተደገመ። ኤልሞ ሮፐር የተባለው የታወቀ የሕዝብ አስተያየት ሰብሳቢ፣ ፕሬዚዳንት ትሩማንን የተፎካከረው ቶማስ ዱዊ ማሸነፉ አይቀርም ብሎ ገና በሴፕቴምበር መጠየቁን ተወ። ድምፅ የሚሰጠው በኖቬምበር ነው። ላለቀ ነገር ምን ያደክማል! ቺካጎ ትሪቢዩን ጋዜጣም በሠራተኞች አድማ ምክንያት ቀደም ብሎ ማተም ነበረበትና፣ ድምፁ ተቆጥሮ ሳያልቅ “ዱዊ ትሩማንን አሸነፈ” ብሎ በትልልቅ ፊደል አወጣው። አሸናፊው ትሩማን ያንን ጋዜጣ ብድግ አድርጎ ይዞ፣ ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ እየሳቀ የተነሳው ፎቶግራፍ አለ። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ግን ጋዜጣው ላይ ያለው ፊደል ቅንጣት አያፍርም።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ ክብሩ በእጥፍ ያድጋል። ኧርቪንግ ፊሸር በዘመኑ ከአሜሪካ ስመ ጥር የኢኮኖሚ ሊቃውንት አንዱ ነበር። በኦክቶበር 1929 የአክሲዮን ዋጋ ከእንግዲህ የማይወርድበት ከፍ ያለ አምባ ላይ የወጣ ይመስላል አለ። ቀናት ሳይቆዩ አምባው ተናደ። እስከ ጁላይ 1932 ድረስ ዶው ጆንስ የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ዋጋ መለኪያ ከነበረበት ጫፍ 89 በመቶ ገደማ ወረደ። ወደዚያ ጫፍ የተመለሰውም በ1954 ነው። ፊሸርም ሀብቱን አጣ። ጥፋቱ መተንበዩ አልነበረም፤ የራሱን ምክር ራሱ መስማቱ ነው። የዘንድሮዎቹ ሠልጥነዋል። ምክሩ ለእኛ፣ ኪሳራው የእኛ፣ ክፍያው የእነሱ።

በሴፕቴምበር 2008 ሌማን ብራዘርስ የተባለው ግዙፍ ባንክ ወደቀ፣ ዓለም ተንቀጠቀጠ። በኖቬምበር ንግሥት ኤልሳቤጥ የለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤትን ሊጎበኙ ሄደው፣ ይህን እንዴት ማንም ሳያየው ቀረ ብለው ጠየቁ። የልጅ ጥያቄ ነው። ያስቸገረውም ለዚሁ ነው። ሊቃውንቱ ተሰብስበው በጁላይ 2009 በደብዳቤ መለሱላቸው። ጭብጡ ሲጨመቅ ብዙ ብሩህ ሰዎች በጋራ ምናባቸው ከዳቸው የሚል ነበር። አንድ ሞኝ ሲሳሳት ስሕተት ይባላል። ብልሆች ተባብረው ሲሳሳቱ ግን ደብዳቤ ይወጣዋል።

“ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” ያሉት ሰዎች ሙያውን ንቀው ነው። ጅቡ ሳይሄድ የጮኸ ውሻ ምን እንደሚደርስበት አላሰቡም። እኛም ደግሞ ከውሻው የምናንስ አይደለንም። የቢሮ ባልደረባችንን ተመልከቱት። ባለፈው የክትባት ሊቅ ነበር፣ ትናንት የጦር ስልት አዋቂ። ዛሬ ባንክ ወደቀ ሲባል ቡናውን ጠጥቶ ሳይጨርስ የወለድ ምጣኔን ጓዳ ጎድጓዳ ያስጎበኘናል። “እኔ እኮ ድሮም ብያለሁ!” መቼ? ለማን? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጨዋታ የማያውቅ ባለጌ ነው።

ለሙያው ብቸኛው አስጊ ተፎካካሪ ኦክቶፐስ ነበር። ጀርመን አገር ኦበርሃውዘን ውስጥ የሚኖር፣ ፖል የሚባል። በ2010 የዓለም ዋንጫ ጊዜ ምግብ ያለባቸው ሁለት ሳጥኖች የየቡድኑ ባንዲራ ተለጥፎባቸው ውኃው ውስጥ ይቀመጡለታል። መጀመሪያ ከፍቶ የበላበት ቡድን ያሸንፋል። ስምንት ገመተ፣ ስምንቱንም አገኘ። ሆኖም ትልቅ ድክመት ነበረበት። ማብራሪያ አይሰጥም። በልቶ ዝም ይላል። እንዲህ ያለውን ፍጡር ማን ስቱዲዮ ይጋብዘዋል?

ፊሊፕ ቴትሎክ የሚባል ተመራማሪ ደግሞ የ284 ባለሙያዎችን የፖለቲካና የኢኮኖሚ ትንበያ 20 ዓመት ያህል መዘገበ። እንዲህም ሆነ፤ መካከለኛው ባለሙያ በዘፈቀደ ከመገመት እምብዛም አልተሻለም። ስማቸው በሚዲያ የገነነው ደግሞ ባሰባቸው። ሰው ይህን ሲሰማ ይናደዳል። እኔን ግን አያናድደኝም። “እርግጠኛ አይደለሁም” ያለ እንግዳ ሁለተኛ ሲጋበዝ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛም እኮ ቻናሉን የምንቀይረው “ምናልባት” የሚል ሰው ሲመጣ ነው።

ስለዚህ እኔም ሙያውን ልቀላቀል ወስኛለሁ። የመጀመሪያ ትንበያዬ እነሆ። ገበያው ካልወረደ ይወጣል። ሁለቱ ተፎካካሪዎች አንገት ለአንገት ተናንቀዋል፣ አንዱ በሰፊው ካላሸነፈ በቀር። የሚወስነው ድምፅ የሚሰጠው ሕዝብ ነው፤ ካልመጣ ደግሞ ያልመጣው። ክፍያ በቅድሚያ ነው።