ማስታወቂያ ሳናነብ ክስ ለምንጽፍ ወገኖቼ

ወገኖቼ ሆይ፣ ክረምቱ ሲጋመስ በየወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ የመምህራን ቅጥር ማስታወቂያ ይለጠፋል። የሥራ መደቡ፣ ደመወዙ፣ የሚፈለገው ሰው ብዛትና የመመዝገቢያው ቀን ይሰፍሩበታል፤ በመካከላቸውም «ተፈላጊ ችሎታ» የሚል አንድ ጠባብ ዓምድ አለ። እኛ ግን ደመወዙንና ብዛቱን አይተን፣ ወረቀቱን በስልካችን ፎቶ አንስተን፣ ለእኅታችን ልጅ በቴሌግራም ልከን ወደ ጉዳያችን እንሄዳለን። ያን ጠባብ ዓምድ ቃል በቃል የምናነበው ውጤት ተለጥፎ የእኛ ሰው ስም የጠፋ ዕለት ነው፤ ያን ዕለት ሁላችንም የሕግ ሊቅ ሆነን ማመልከቻ ጸሐፊው ደጃፍ ላይ እንሰለፋለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የተባለው ለእኛ ይመስለኛል።

ይህን የምጽፈው ከሩቅ ቆሜ አይደለም። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት በአንድ ወረዳ የቅጥር ቅሬታ በሚያይ ኮሚቴ ውስጥ መምህራንን ወክዬ ለጥቂት ዓመታት ተቀምጫለሁ። አንድ ዝናባማ ቀን አንዲት ወጣት ሰነዷን በፌስታል ጠቅልላ፣ ፌስታሉንም በነጠላዋ ሸፍና ገባች። ከመምህራን ትምህርት ኮሌጅ በአማርኛ ሊኒየር ዲፕሎማ በጥሩ ውጤት ተመርቃለች፤ የተወዳደረችበት መደብ ግን ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ለማስተማር የወጣ ነበርና ማስታወቂያው «በጀነራሊስት ዲፕሎማ» ይላል። መዝጋቢው ሳያነብ መዘገባት፣ ፈታኙ ሳያነብ ፈተናት፣ እርሷም ሳታነብ ተፈትና አንደኛ ወጣች፤ ማስታወቂያውን ያነበበው ሁለተኛ የወጣው ልጅ አጎት ብቻ ነበር፣ እርሱም ቢሆን ያነበበው ውጤቱ ከተለጠፈ በኋላ ነው። ሁለቱ ቤተሰቦች ከእኛ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ አስተዳደር ፍርድ ቤት ሲመላለሱ መደቡ ታግዶ ቆየ፤ የዚያ ቀበሌ 2ኛ ክፍል ልጆችም እስከ ጥር ድረስ ከ3ኛ ክፍል ጋር ተቀላቅለው ባንድ ዴስክ ላይ ለአምስት ተቀመጡ።

ልጅቷ ስታለቅስ «ዲፕሎማ ዲፕሎማ አይደለም ወይ?» ብላ ጠይቃናለች። አይደለም። ጀነራሊስቱ የሚሠለጥነው አንድ የሕፃናት ክፍል ይዞ ፊደል ማስቆጠሩንም፣ መደመር መቀነሱንም፣ የአካባቢ ሳይንሱንም እንዲይዝ ነው፤ ሊኒየሩ ደግሞ አንድ የትምህርት ዓይነት ጠለቅ ብሎ ተምሮ ከፍ ባሉት ክፍሎች ያንኑ እንዲያስተምር ነው። ይህን የመሰለ ልዩነት በየደረጃው አለ፤ ያለውም በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ መምህር የሚሠለጥንበት መንገድ ደጋግሞ ስለተቀያየረ ነው። ዛሬ በአንድ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ በቲቲአይ (በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም) ሰርተፍኬት የጀመረው አንጋፋ፣ በ10+3 (ከ10ኛ ክፍል በኋላ ሦስት ዓመት ተምሮ) የተመረቀው፣ በቢኤድ (በማስተማር ዲግሪ) የወጣው፣ ማስተማር ባልተካተተበት አፕላይድ ዲግሪው ላይ ፒጂዲቲ (ከዲግሪ በኋላ የሚወሰድ የማስተማር ዲፕሎማ) የጨመረው ሁሉም አብረው ሻይ ይጠጣሉ። ሥልጠናው ሲቀየር የቀድሞው ወረቀት ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ የሚናገር መመሪያ ሁልጊዜ አብሮ አይደርስም፤ ክርክሩም የሚፈላው በዚህ ክፍተት ነው። ፊዚክስ በዲግሪ የተማረ ነገር ግን ፒጂዲቲ የሌለው ልጅ «የትምህርት መስኩ አለኝ» ይላል፤ ቢኤድ ያለው «እኔ ማስተማርን ከመጀመሪያው አብሬ ተምሬአለሁ» ይላል፤ ሁለቱም ያላቸውን ነው የሚናገሩት። በዚህ ላይ የወጪ መጋራት ዕዳውን ከፍሎ ስላልጨረሰ ዋናው ዲግሪው ያልተሰጠው፣ በጊዜያዊ ዲግሪ ብቻ የሚዞር ምሩቅ አለ። ማስታወቂያው «ዋናውን ማስረጃ ይዞ መቅረብ» ብሎ ሲዘጋው ድህነቱ እንደ ብቃት ጉድለት ተቆጠረበት ማለት ነው፤ በእኔ ፍርድ ይህ ክስ ሊጻፍበት የሚገባ በደል ነው።

በደል ደርሶበት ለሚከራከር ሰው ነቀፌታ የለኝም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም በሕግ የመዳኘት ሥልጣን ለተሰጠው አካል ማቅረብን የማንኛውም ሰው መብት አድርጎታል። የመንግሥት መደብ የሚያዘው ተፈላጊ ችሎታውን አሟልቶ ከተወዳዳሪዎቹ በበለጠ ሰው መሆኑንም የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 ደንግጎት፣ እርሱን የተካው 1064/2010ም አጽንቶት ነበር። የክልል መምህር ደግሞ የሚተዳደረው በክልሉ አዋጅ ነው፤ የፌዴራሉን አዋጅ ጠቅሳችሁ ወረዳ ላይ የምትጮኹ፣ መጀመሪያ የትኛው ሕግ እንደሚገዛችሁ ጠይቁ። ነቀፌታዬ በጊዜው ዝም ብለን ቆይተን ኋላ ለምንጮኸው ነው። ማስታወቂያው ተለጥፎ ምዝገባው እስኪዘጋ ድረስ መስፈርቱ አድሎአዊ ከሆነ፣ ተቀራራቢ መስክ የተማሩትን የሚያስገባው «ተዛማጅ» የሚለው ቃል ከተዘለለ፣ ጊዜያዊ ዲግሪ ያለምክንያት ከተከለከለ፣ ያኔ በጽሑፍ አቤት ማለት ይቻላል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነበር። ከውጤት በኋላ የሚቀርብ ክስ ግን መስፈርቱን ለማቃናት ሳይሆን ሰውን ከወንበር ለማንሳት ስለሚሆን፣ ዳኛው ከሁለት ቤተሰብ አንዱን ያስለቅስ እንደሆነ እንጂ ለክፍሉ የተሻለ መምህር ሊፈጥርለት አይችልም።

ከዚህ የከፋውን ልንገራችሁ። ማስረጃ እንዲጣራ የተላከ ደብዳቤ መልስ ሲመጣ ስለአንድ የሒሳብ መምህር «በዚህ መለያ ቁጥር የተመዘገበ ተማሪ የለም» ይል ነበር። ሰውዬው ስድስት ዓመት አስተምሯል። በማግስቱ ሦስት ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ፤ ቡና ተፈላ፤ «የልጆች አባት ነው፣ እንጀራውን አትቁረጡበት» አሉኝ። ከሦስቱ አንዱ ልጁ ሒሳብ አልገባ ብሎት ከኪሱ ከፍሎ አስጠኚ እንደቀጠረለት አውቃለሁ፤ የልጁ መምህር ያው ሰው ነበር። ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀትም ሆነ መገልገል በወንጀል እንደሚያስቀጣ ሽማግሌዎቹ አልጠፋቸውም። የጠፋቸው በዚያ ስድስት ዓመት ውስጥ በእጁ ያለፉት የሌሎች ሰዎች ልጆች ናቸው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር ሁላችንም ጭንቅላታችንን ይዘን ነበር። ያን ውጤት ሐሰተኛ ዲፕሎማ ብቻ አመጣው አልልም፤ ነገር ግን በዚያ ሰሞን መንግሥትን ሲራገሙ ከሰማኋቸው መካከል እነዚያ ሽማግሌዎች ነበሩበት።

የመደበቅ ዋጋ ምን ያህል እንደሚደርስ ማየት የሚፈልግ ወደ ሕንድ ይመልከት፤ በንጉሡ ዘመን መምህራኗ በየትምህርት ቤቶቻችን ያስተማሩ አገር ናትና ከእርሷ መማር ለእኛ አዲስ አይደለም። የዚያች አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤት በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በሰጠው ፍርድ፣ ለከፍተኛ ክፍሎች የሚያበቃ የማስተማር ዲግሪ የያዘ ሰው ሕፃናትን ለማስተማር በተለየ የሠለጠነውን ባለዲፕሎማ ሊተካ አይችልም ብሏል፤ የእኛዋ ባለፌስታል ልጅ ጥያቄ እዚያም ተጠይቆ ነበር ማለት ነው። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ደግሞ ያው ፍርድ ቤት በምዕራብ ቤንጋል ግዛት የ25,753 መምህራንና የትምህርት ቤት ሠራተኞች ቅጥር እንዲሰረዝ የተሰጠውን ውሳኔ አጸና፤ ምክንያቱም የቅጥሩ ሂደት ከሥሩ ተበላሽቶ፣ ጥፋቱም ተሸፋፍኖ ስለነበር ነው። በላባቸው አልፈው የገቡት መምህራን ካጭበረበሩት ጋር አብረው ሥራቸውን አጡ።

እናንተም በየጽሕፈት ቤቱ መስፈርት የምትጽፉ ወገኖቼ፣ ከተግሳጹ አታመልጡም። «ተዛማጅ የትምህርት መስክ» ብላችሁ ጽፋችሁ የትኛው እንደሚዛመድ አትዘረዝሩም፤ ዝርዝሩ የሚወጣው አመልካቾቹ ማን እንደሆኑ ከታወቀ በኋላ ነው። የኮምፒዩተር ሳይንስ ምሩቅ አይሲቲ (የመረጃና የመገናኛ ቴክኖሎጂ) ማስተማር መቻል አለመቻሉ በሐምሌ ሊታወቅ የሚችል ነገር ነው፤ የሰዎቹን ስም አይቶ በመስከረም መወሰን ግን ሆን ብሎ ለክስ በር መክፈት ነው።

ይህን በድፍረት የምናገረው እኔም ስላደረግሁት ነው። አንድ ዓመት ለአይሲቲ መደብ የማኔጅመንት ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ዲግሪ ይዞ የመጣን ልጅ «አይዛመድም» ብለን መለስን። በዓመቱ ያንኑ ዲግሪ የያዘ፣ ከበላይ አካል ስልክ የተደወለለት ሌላ ልጅ ሲመጣ ኮሚቴው ተሰብስቦ «ይዛመዳል» የሚል ቃለ ጉባኤ ያዘ። ከስሜ ትይዩ ያለው ፊርማ የራሴ ነው፤ የመጀመሪያው ልጅ የቅሬታ ማመልከቻም በዚያው ፋይል ውስጥ፣ ከቃለ ጉባኤው ሥር ታስሯል።