ወገባችሁን ለማን ነው የምትሰጡት?

ዋሽንግተንና አካባቢዋ የሚኖሩ ወገኖቻችን አዲስ ሐኪም ሲመደብላቸው መጀመሪያ ስሙን ጎግል ያደርጋሉ። ከስሙ ቀጥሎ ከለመዱት ኤም.ዲ. ይልቅ ዲ.ኦ. የሚል ሲያዩ ቅር ይላቸዋል። «ይሄ ሰውዬ ሐኪም ነው ወይስ አሺ?» ቀጠሮውን የሚሰርዝም አይጠፋም። መጠየቁ ደግ ነው። መሰረዙ ግን ራስን መጉዳት ነው።

ዲ.ኦ. የኦስቲዮፓቲ ሕክምና ዶክተር ማለት ነው፤ ኦስቲዮፓቲ ደግሞ አጥንትና ጡንቻን በእጅ እየዳሰሱ ማከም ነው። አሜሪካ ውስጥ ዲ.ኦ. ሙሉ ሐኪም ነው። አራት ዓመት ሕክምና ይማራል፣ ሬዚደንሲ (ከምረቃ በኋላ ሆስፒታል ውስጥ የሚደረግ ሥልጠና) ይሠራል፣ መድኃኒት ያዝዛል፣ ቀዶ ሕክምና ያደርጋል። ከ2020 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ የሬዚደንሲ ሥልጠናውም ከኤም.ዲ.ዎቹ ጋር በአንድ ተቋም ሥር ሆኗል። ዛሬ በአገሪቱ ሕክምና ከሚማሩ አራት ተማሪዎች አንዱ ገደማ የሚማረው በኦስቲዮፓቲ ኮሌጅ ነው። ልዩነቱ ወደ 200 ሰዓት የሚደርስ ተጨማሪ ትምህርት ነው፤ በእጅ መመርመርና በእጅ ማከም። ከተመረቁ በኋላ ይህን የዘወትር ሥራቸው የሚያደርጉት ግን ብዙ አይደሉም።

ለንደን ስትሄዱ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ኦስቲዮፓት ሐኪም አይደለም። በ1993 በወጣ ሕግ መሠረት የተመዘገበ የእጅ ሕክምና ባለሙያ ነው። ሳይመዘገብ በዚህ ስም መሥራት ወንጀል ነው። ፈረንሳይም ሙያውን በ2002 በሕግ አውቃለች። እህት ቨርጂኒያ፣ ወንድም ለንደን ሆነው ስለ ኦስቲዮፓት በስልክ ሲያወሩ፣ የሚያወሩት ስለተለያየ ባለሙያ ነው።

የነገሩ መነሻ አሜሪካ ነው። አንድሩ ቴይለር ስቲል በእርስ በርስ ጦርነቱ ያገለገለ ሐኪም ነበር። በ1864 ማጅራት ገትር ሦስት ልጆቹን ነጠቀው። የዘመኑ ሕክምና ምንም አልፈየደለትም። ያኔ ሐኪሞች ሜርኩሪ ያለበት መድኃኒት ይሰጡ፣ ደም ያፈሱ ነበር። ስቲል በዚህ ተቆጣ፤ ቁጣውም እውነት ነበረው። አጥንትና ጡንቻ ከተስተካከለ ደም እንደልቡ ይዘዋወራል፣ ሰውነትም ራሱን ይፈውሳል አለ። ሐሳቡን በ1874 ይፋ አደረገ። በ1892 ደግሞ ሚዙሪ ውስጥ ከርክስቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ትምህርት ቤት ከፈተ። ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ሴቶችንም ተቀበለ፤ ለዚያ ዘመን ቀላል ነገር አይደለም።

ጎጂ መድኃኒትን በመቃወሙ ልክ ነበር። በሽታን ሁሉ ከአጥንት ጋር ማያያዙ ግን አላስኬደም። ሙያውን ያዳነው፣ አሜሪካዊ ተከታዮቹ መድኃኒቱንም ቀዶ ሕክምናውንም መማራቸው ይመስለኛል። ያም ሆኖ እውቅናው በቀላሉ አልመጣም። በ1962 ካሊፎርኒያ ውስጥ 2,000 ገደማ ዲ.ኦ.ዎች 65 ዶላር እየከፈሉ የኤም.ዲ. ማዕረግ ተሰጣቸው። ሰዎቹ ትናንት የነበሩት ናቸው፣ እውቀታቸውም ያው ነው። በአንድ ወረቀት ምን ተለወጠ?

ወደ ሕክምናው እንግባ። ታክሲ የሚያሽከረክር ሰው ወገቤን ብሎ መጣ እንበል። ባለሙያው በቀን ስንት ሰዓት እንደሚነዳ፣ ህመሙ ወደ እግር ይወርድ እንደሆነ ይጠይቀዋል። ያስቆመውና ከኋላ ሆኖ ትከሻውንና ዳሌውን ያያል። ጎንበስ ቀና ያስደርገዋል። ከዚያ በጣቶቹ አከርካሪውን ግራና ቀኝ እየዳሰሰ ይወርዳል፤ የቱ ጋ ጡንቻ እንደጠነከረ፣ የቱ መገጣጠሚያ እንደማይላወስ ይፈልጋል።

ማከሚያ መንገዱ ብዙ ነው። እኔ የምወደው አንዱን ነው። በሽተኛው በጀርባው ተኝቶ እግሩ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይነሳል። ጅማቱ መሳብ ሲጀምር «አሁን እግርህን ወደ ታች ግፋ» ይለዋል። ባለሙያው ይዞ ይከለክለዋል። አምስት ሰከንድ ያህል ይገፋል፣ ከዚያ ዘና ይላል። ጡንቻው ላላ ሲል እግሩ ትንሽ ከፍ ይላል። ሁለቴ ሦስቴ ይደጋገማል። ድንገተኛ ነገር የለውም፤ የሚሠራውም በሽተኛው ራሱ ነው።

ሌላው ሁሉም የሚያውቀው «ቋ» የሚያደርገው ፈጣን ግፊት ነው። ብዙ ሰው ድምፁን ሲሰማ አጥንቱ ቦታው የገባ ይመስለዋል። አይደለም። ድምፁ መገጣጠሚያው ውስጥ ባለው ፈሳሽ ከሚፈጠር የጋዝ አረፋ ጋር የተያያዘ ነው። እፎይታው እውነት ነው፤ ጡንቻ ይላላል፣ ነርቮች ለአንጎል የሚያደርሱት የህመም ስሜት ለጊዜው ይቀንሳል። ለጊዜው የምትለዋን ያዙልኝ።

ማስረጃውስ? በ1999 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት በእጅ የታከሙ የወገብ ህመምተኞች በተለመደው ሕክምና ከታከሙት ጋር ተቀራራቢ ለውጥ እንዳገኙ፣ የወሰዱት መድኃኒት ግን ያነሰ እንደነበር አሳየ። ማስታገሻ ስንቱን ጨጓራ እንደሚያቆስል ለሚያውቅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በ2021 የወጣው የፈረንሳዮቹ ጥናት ግን እውነተኛውን ሕክምና ከማስመሰያ ጋር ሲያወዳድር ልዩነቱ ትንሽ ሆኖ ተገኘ። የእንግሊዝ መመሪያም የእጅ ሕክምናን ከስፖርታዊ እንቅስቃሴ ጋር ካልሆነ ለብቻው አይመክርም። የራስ ቅል አጥንትን በቀስታ ይዞ ሕፃን ማባባትና ማከም ለሚሉት ግን አሳማኝ ማስረጃ ስለሌለ ገንዘባችሁን አታውጡ እላለሁ።

እኛ ወጌሻ ያሳደገን ሰዎች ለእጅ ሕክምና እንግዳ አይደለንም። ብዙ ወጌሻ ውልቃት በጥበብ ይመልሳል። አጥብቆ በማሰር ደም ከልክሎ እጅ እግር ያስቆረጠም አለ። አስቀድሞ የማይነካውን መለየት የሚችል ባለሙያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የጀርባ አጥንት ቲቢ አገራችን ውስጥ አለ፤ መጀመሪያ ተራ የወገብ ህመም ይመስላል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ካለ ማንም ጀርባችሁን ከመጫኑ በፊት ምርመራ ይቅደም። ሽንት አልይዝ ካለ ወይም መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ነው። አንገትን በኃይል ማጣመም ደግሞ፣ አልፎ አልፎም ቢሆን፣ የደም ስር ቀድዶ ስትሮክ አምጥቷል። የማትፈልጉ ከሆነ «አንገቴን እንዳታዞረው» ማለት መብታችሁ ነው።

ጥሩ ባለሙያ ጥቂት ጊዜ ያክማችሁና ቤት የምትሠሩትን እንቅስቃሴ አሳይቶ ይሸኛችኋል። ምንም ሳይመረምር የዓመት ፓኬጅ ክፈሉ የሚል ካጋጠማችሁ ጫማችሁን አድርጉና ውጡ።